የቡና አተላ የሚመስለው ነገር፦ የድመት ጆሮ ጤና ሲዳሰስ

ውሮ ገና ግልገል ሳለች ሌሊት አልጋዬ ሥር ትገባና ጆሮዋን ትፎክት ነበር። የኋላ እግሯ ወለሉን ሲመታው ጠክ ጠክ ጠክ ይላል፤ ቀጥላ ራሷን ታራግፋለች፤ ከዚያ እንደገና ጠክ ጠክ። (ሌላ ስም አላወጣሁላትም። በሰፈራችን ድመት ሁሉ ውሮ ነው፤ የእኔዋም ሲጠሯት ትመጣለች።) በአራተኛው ሌሊት አቀፍኳትና ጆሮዋን ገልጬ በስልኬ መብራት አየሁ። ጀበና ሲታጠብ ከሥሩ የሚወጣውን የመሰለ ጥቁር አተላ ሞልቶታል።

በማግስቱ ምክሩ ዘነበ። ጎረቤቴ እማማ "ጤና አዳም አሽተሽ ለብ ባለ ቅቤ ጠብ አድርጊላት፤ እኛ በዚያ ነው ያደግነው" አሉኝ። የግቢያችን ዘበኛ "ላምባ ነው የሚነቅለው" አለ። እኔ ከሁለቱም የተሻልኩ መስሎኝ፣ ባለፈው ዓመት ለራሴ ጆሮ ታዝዞልኝ የተረፈውን የጄንታማይሲን ጠብታ ከመሳቢያ አወጣሁ። በየጆሮዋ ሦስት ሦስት ጠብታ አደረግሁላት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ውሮ ለቁርሷ ስትመጣ አንገቷን ወደ ግራ አዝምማ፣ እንደ ሰከረ ሰው ግድግዳ እየታከከች ነበር።

የወሰድኳት ሐኪም ጠብታውን ተቀብሎ አገላብጦ አየና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ "ይህን ከማድረግሽ በፊት ታምቡሯን አይተሻል?" አላየሁም። መታየት እንዳለበትም አላውቅም ነበር። ውሮ ድናለች፤ ዛሬም ግን ሲደክማት አንገቷ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ ያገኘሁትን የእንስሳት ሐኪም ሁሉ ጨቀጨቅሁ። የገባኝን ከወዲሁ ልናገር፦ የድመት ጆሮ ብዙ መታየት፣ ጥቂት መነካት ይፈልጋል። እኛ ደግሞ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጆሮው ቅርጽ ነው። የድመት ጆሮ ቱቦ መጀመሪያ ወደ ታች ይወርድና እንደ ክርን ታጥፎ ወደ ውስጥ ይገባል። ታምቡሩ ያለው ከመታጠፊያው ወዲያ ነው። ስለዚህ በስልክ መብራት የምናየው ቁልቁለቱን ብቻ ነው፤ ማዶውን ለማየት ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ውጭ ሳብ አድርጎ ቱቦውን የሚያቃና እጅና ኦቶስኮፕ የሚባለው ባለ መብራት መሣሪያ ያስፈልጋል። በጥጥ እንጨት የሚጠርግ ሰውም ቆሻሻውን ያወጣ ይመስለዋል እንጂ ግማሹን ክርኑን አሻግሮ ታምቡሩ ላይ ይጠቀጥቀዋል። ጥጡ ላይ የሚታየው ጥቁር ነገር ደስ ስለሚል ሰው ደጋግሞ ያደርገዋል። እኔም አድርጌዋለሁ።

ከታምቡሩ ወዲያ የአጥንት እንክብል አለ። የድመት ለየት የሚለው ይህ ክፍል በስስ የአጥንት ግድግዳ ለሁለት መከፈሉ ነው፤ በዚህም የተነሳ መግል አንዴ ከገባበት ጠርጎ ማውጣት ያስቸግራል። ወደ ዓይን የሚሄዱ ቀጫጭን ነርቮችም በዚሁ በኩል ያልፋሉ። ለዚህ ነው የጆሮ በሽታ ዓይን ላይ የሚታየው፦ የአንዱ ዓይን ብሌን ይጠባል፣ የላይኛው ቆብ ወረድ ይላል፣ ከጥጉ ነጣ ያለ ሦስተኛ ቆብ ብቅ ይላል። ከዚያ ጠለቅ ሲል ደግሞ መስሚያውና ሚዛን መጠበቂያው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የውሮ አንገት የዘመመው አንገቷ ታሞ አልነበረም።

በውጭ የቆመው ክፍል ሌላ ዓለም ነው። ከ20 በላይ ጡንቻዎች ያንቀሳቅሱታል፤ ሁለቱን ጆሮዎች ለየብቻ እስከ ግማሽ ክብ ታዞራለች። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ የደረሰ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ የድመት እስከ 85 ኪሎ ኸርዝ ይዘልቃል። የአይጥ ግልገሎች ጎሬያቸው ውስጥ ሆነው የሚጮኹት እኛ ልንሰማው በማንችለው ድምፅ ነው፤ ድመት ግን ትሰማዋለች። አያቶቻችን ድመትን ጎተራ ሥር ያስቀመጧት ለውበቷ አይደለም። በነገራችን ላይ ዓለም በአገራችን ስም "አቢሲኒያ" ብሎ የሚጠራት ጆሮ ትልቋ ድመት በእንግሊዝ አገር የተዳቀለች ናት። ከ1868ቱ (እ.ኤ.አ.) የመቅደላ ዘመቻ የተመለሱ ወታደሮች አመጧት ይባላል፤ የዘር ምርመራው ግን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ይጠቁማል። ጆሮዋ የሚያምር መሆኑን እንጂ የእኛ መሆኗን አልምልም።

ሰው ሊያምነው የማይፈልገው አንድ እውነት አለ፦ ጤነኛ የድመት ጆሮ መታጠብ አይፈልግም። የቱቦው ቆዳ ከታምቡሩ ጀምሮ ወደ ውጭ ቀስ እያለ ያድጋል፤ ኩኩንና አቧራውንም ተሸክሞ ወደ ደጅ ያወጣዋል። ጤነኛ ጆሮ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ ጥቂት ነጣ ያለ ወይም ቡናማ ኩክ ሊኖረው ይችላል፤ ሽታ የለውም። ሽታ የለውም የሚለውን አስምሩበት። ከዓይን ይልቅ አፍንጫ ቶሎ ያውቃል፤ እንደ ቦካ ሊጥ ወይም እንደ ሰነበተ ሥጋ የሚሸት ጆሮ የታመመ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ድመቷ በልታ ፀሐይ ስትሞቅ፣ ጆሮዋን ገለጥ አድርጎ ማየትና ማሽተት ይበቃል።

አሁን ወደ አተላው እንመለስ። ድመት ላይ ከሚታየው የጆሮ ቱቦ ሕመም ግማሽ ያህሉ በአንድ ፍጥረት ይመጣል። በሳይንስ ስሙ ኦቶዴክቲስ ሳይኖቲስ ይባላል፤ እኔ ቅንቅን ልበለው። ስምንት እግር ያለው የመዥገር ዘመድ ነው፤ ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። እንደ ሰው እከክ ቆዳ ሰርስሮ አይገባም፤ ላይ ላዩን እየተራመደ ኩክና የቆዳ ፍርፋሪ ይበላል። አተላ የሚመስለው ነገር የደረቀ ደም፣ ኩክና የራሱ የቅንቅኑ ኩስ ድብልቅ ነው። ከእንቁላል ተነስቶ ራሱ እንቁላል ጣይ እስኪሆን ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ይህ ቁጥር ትልቅ ትርጉም አለው። ብዙዎቹ የድሮ ጠብታዎች የሚገድሉት የሚንቀሳቀሰውን እንጂ እንቁላሉን አይደለም፤ በሳምንቱ ማከኩ ጋብ ሲል መድኃኒቱን ያቆመ ሰው በወሩ እዚያው ነው።

ቅንቅን ከእናት ወደ ግልገል፣ ከድመት ወደ ድመት፣ አልፎም ወደ ውሻ በመነካካት ይሄዳል። አንዷ ከያዛት በቤቱ ያሉት ሁሉ፣ ውሻው ጭምር፣ አብረው መታከም አለባቸው። ሰውን አይለምድም ማለት ይቻላል፤ አልፎ አልፎ ክንድ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ጥሎ ይጠፋል። ይህን በራሱ ላይ የሞከረ ሰው አለ። ሮበርት ሎፔዝ የተባለ የኒውዮርክ ግዛት የእንስሳት ሐኪም ከታመመች ድመት ጆሮ ያወጣውን አተላ በገዛ ጆሮው ውስጥ ጨመረ። ጆሮው ውስጥ ሲራመዱና ሲቧጥጡ ሰማቸው፤ ሌሊት ሲሆን ይብስባቸው ስለነበር እንቅልፍ ነሱት። ከዳነ በኋላ የአጋጣሚ ነገር እንዳይሆን ብሎ ደገመው፤ ከዚያም ሠለሰው። እ.ኤ.አ. በ1994 በሚያስቅም በሚያሳስብም ምርምር የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል ሽልማት አገኘበት። እኔ ሳነበው አልሳቅሁም። የውሮ ጠክ ጠክ ለምን ሌሊት ሌሊት እንደሚበረታ ያኔ ገባኝ።

ቅንቅን መሆኑን እቤት መገመት ይቻላል። ከጆሮው ደጃፍ ላይ ትንሽ አተላ በጥጥ ነክቶ ጥቁር ወረቀት ላይ ማራገፍና መብራት አቅርቦ ጥቂት መጠበቅ ነው፤ እንደ ነጭ ነቁጥ ሆኖ የሚሄድ ነገር ካለ እሱ ነው። የሐኪሙ ማይክሮስኮፕ ግን ይሻላል፤ ምክንያቱም ጥቁር የሆነው ሁሉ ቅንቅን አይደለም፣ ቅንቅን ያለበት ጆሮም ሌላ ነገር ሊኖርበት ይችላል።

ሕክምናው ዛሬ ቀሏል። በጀርባ በኩል፣ አንገቷ ሥር፣ ምላሷ የማይደርስበት ቦታ ላይ ጠጉሩን ገልጦ ቆዳው ላይ የሚፈስስ መድኃኒት አለ። ሴላሜክቲን አንዱ ነው፤ ሞክሲዴክቲን ያለበትም አለ፤ ፍሉራላነር የሚባለው ደግሞ ለድመት የተዘጋጀው አንዴ ከተደረገ ሦስት ወር ያህል ይሠራል። ከቆዳው ወደ ደም ገብቶ ጆሮ ድረስ ይሄዳል፤ ቁንጫውንም አብሮ ይጠርጋል። ጆሮ ውስጥ ምንም ማፍሰስ ሳያስፈልግ ማለት ነው።

በየከተማው እነዚህን ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። እዚህ ላይ አንድ አደገኛ አቋራጭ ይመጣል። በየእንስሳት መድኃኒት መሸጫው የማይጠፋው አይቨርሜክቲን ነው፤ ለከብት የሚወጋው። መድኃኒቱ ራሱ ድንቅ ነው። ጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራ ከአፈር ካገኛት ረቂቅ ፍጥረት ተነስቶ ተሠራ፤ ኦሙራና ዊልያም ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተጋሩበት፤ በአገራችንም የወንዝ ዳር ዕውርነት ባለባቸው አካባቢዎች ሰው በየጊዜው የሚውጠው ክኒን ይኸው ነው። ችግሩ ልኩ ላይ ነው። የከብቱ ብልቃጥ አንድ በመቶ ነው፤ አንድ ሚሊ ሊትሩ ለ50 ኪሎ ክብደት ይታዘዛል። በዚያው ስሌት ሦስት ኪሎ ለምትመዝን ድመት የሚደርሳት 0.06 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለግማሽ ኪሎ ግልገል ደግሞ 0.01። በተራ ስሪንጅ ይህን መለካት አይቻልም፤ የስሪንጁ ጫፍ ላይ የሚቀረው ራሱ ከዚያ ይበልጣል። "ትንሽ ጠብ አድርጉላት" የሚባለው ጠብታ ስንት እጥፍ እንደሆነ ራሳችሁ አስሉት። ግልገሎች መንቀጥቀጥ፣ መደንዘዝና መሞት የሚመጣባቸው በዚህ ነው። አይቨርሜክቲን ለድመት አይሆንም አልልም፤ ሐኪሞች ያዝዙታል። ልኩን የሚያወጣው ግን ሐኪም ይሁን።

ከዚህ የባሰው ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት ነው። ብዙዎቹ ፐርሜትሪን አለባቸው። ውሻ ይችለዋል፤ የድመት ጉበት ግን ይህን መርዝ የሚሰባብርበት አቅም የለውም፤ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፈራገጣለች፣ ካልታከመች ትሞታለች። "ለውሻ" ተብሎ የተጻፈ ነገር ለድመት "ትንሽ ተቀንሶ" አይሰጥም።

ቅንቅን ካልሆነስ? እዚህ ላይ ዕድሜ መልስ ይሰጣል። ግልገል ከሆነችና ሁለቱንም ጆሮ ካከከች መጀመሪያ ቅንቅን ይጠረጠራል። ትልቅ ሆና በድንገት የጀመራት ድመት ግን ሌላ ታሪክ አላት። ባክቴሪያና እርሾ መሰል ፈንገስ በጆሮ ውስጥ ይራባሉ፤ ድመት ላይ ግን ብዙ ጊዜ በራሳቸው አይነሱም። ሌላ ነገር በሩን ከፍቶላቸው ነው የሚገቡት። በሩን የሚከፍተው የቁንጫ ወይም የምግብ አለርጂ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለችው ድመት ከጆሮዋ ሌላ ፊቷንና አንገቷንም ታካለች። ጆሮዋ ውስጥ የገባ መዥገር ወይም የሣር ዘር ሊሆን ይችላል። የጆሮው ጠርዝ ላይ ክብ ሆኖ ጠጉሩን ያረገፈ ደግሞ ጭርት ነው፤ እሱ ወደ ልጆች ይተላለፋልና ድመቷን ያቀፈ ሁሉ እጁን ይታጠብ።

አንዱን ጆሮ ብቻ የምታክ ወጣት ድመት ለየት ብላ ትታይ። ወጣት ድመቶች ላይ ከታምቡሩ ኋላ የሚበቅል የሥጋ እድገት አለ፤ ፖሊፕ ይባላል። ካንሰር አይደለም፤ ግን አድጎ ቱቦውን ይዘጋል፣ ወይም በጉሮሮ በኩል ወርዶ ስትተነፍስ ያንኮራፋታል። ሐኪሙ አደንዝዟት ጎትቶ ያወጣዋል፤ ደጋግሞ ከበቀለ የአጥንቱን እንክብል ከፍቶ ከሥሩ ያጸዳዋል። ለእንዲህ ያለችው ድመት ወር ሙሉ ጠብታ ማፍሰስ መድኃኒት ማባከን ነው። ያረጀች ድመት አንድ ጆሮዋን ብቻ ካመማት ደግሞ ዕጢ ሊሆን ስለሚችል አይዘገይበት።

ጆሮዋ በአንድ ሌሊት እንደ ሳምቡሳ ካበጠ አትደንግጡ፤ ግን አታፍርጡት። በማከክ ወይም በማራገፍ ብዛት በቆዳውና በቅርጭጭቱ መካከል ያለ ደም ሥር ተበጥሶ ደም ሞልቶት ነው። ሐኪም ያፈስሰዋል፣ እንዳይመለስም ይሰፋዋል። ካልታከመ ራሱ ይደርቃል፤ ጆሮው ግን ተጨማድዶ ይቀራል። ከሁሉ በላይ ያሳከካት ነገር ምን እንደሆነ ካልተገኘ ሌላኛው ጆሮ ተረኛ ነው።

ስለ ማጽዳት ሐኪሞች ራሳቸው አንድ ቃል አይናገሩም። አንዳንዱ ከመድኃኒት በፊት ጆሮው ተጠርጎ መውጣት አለበት ይላል፤ ሌላው ቆዳ ላይ የሚፈስሰው መድኃኒት ከመጣ ወዲህ አተላው በራሱ ጊዜ ይወጣል፣ ድመቷን አታስጨንቋት ይላል። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ። ሐኪም አጽዱ ካለ ግን አሠራሩ እንዲህ ነው። ለእንስሳት ጆሮ የተዘጋጀውን ማጽጃ ብልቃጡን በመዳፍ ይዞ ለብ ማድረግ፤ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ራሷን ያዞራታል። ድመቷን በፎጣ እንደ አራስ ልጅ ጠቅልሎ ጭንቅላቷን ብቻ ማውጣት። ጆሮዋን ወደ ላይ ይዞ ማፍሰስ፣ ከዚያ ከጆሮው ሥር ያለውን ለስላሳ ቦታ በሁለት ጣት ለግማሽ ደቂቃ ማሸት፤ ጭቅ ጭቅ የሚል ድምፅ ከተሰማ በትክክል እየሄደ ነው። ከዚያ መልቀቅ። ታራግፈዋለች፣ ግድግዳውንም ሸሚዛችሁንም ታቆሽሻለች፤ የወጣውን ጣት ላይ በተጠቀለለ ጥጥ መጥረግ። ጣት ከማይገባበት ምንም ነገር አይግባ።

የእማማስ ቅቤ? ሐሳቡ ባዶ አይደለም። ዘይት ቅንቅኑን ያፍነዋል፣ አተላውንም ያለሰልሰዋል፤ ሐኪሞችም ዘመናዊው መድኃኒት ሳይመጣ ዘይት ያዝዙ ነበር። ነገር ግን ዘይት እንቁላሉን አይጨርስም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ መታገል ይጠይቃል፤ ታምቡሩ ከተቀደደ ደግሞ ወደ ውስጥ ይፈስሳል። ቅቤ በዚያ ላይ ይሻግታል። ጤና አዳም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አረቄ፣ ኦክስጅን ውኃ የተቆጣ ቆዳን ያቃጥላሉ። ላምባ መርዝ ነው፤ በጆሮ የገባው በቆዳ ይዘልቃል፣ በእጇ ጠርጋ የላሰችው ደግሞ በሆድ። ዘበኛችን ይህን ስነግረው "ለበግ እከክ ግን ይሠራል" አለኝ። በግ ራሷን አትልስም።

የእኔ ጄንታማይሲንም ከላምባው ብዙ የራቀ አልነበረም። በዚህ ጎራ ያሉ መድኃኒቶች ታምቡር አልፈው ከገቡ የመስሚያውንና የሚዛኑን ረቂቅ ሕዋሳት ይገድላሉ። ቁስል የምናጥብበት ክሎርሄክሲዲንም እንዲሁ ነው። የሐኪሙ ጥያቄ ትርጉሙ ይህ ነበር። ታምቡሩ ደህና ሆኖ ባክቴሪያ ሲኖር እነዚሁ ጠብታዎች ይጠቅማሉ፤ የጎዳት ሳይታይ መደረጉ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በእኛ አገር ከሌላው ይበልጥ ሊነገር ይገባዋል፦ ፀሐይ። በመንገዳችን ጫፍ ያለ ሱቅ ደጃፍ ላይ የምትተኛ ነጭ ድመት ነበረች። የጆሮዋ ጫፍ ይቀላል፣ ይላላጣል፣ ቅርፊት ይይዛል፣ ይድናል፣ ተመልሶ ይቆስላል። ባለሱቁ ውሻ ነክሷት ነው ይል ነበር፤ በዓመቱ የጆሮዋ ግማሽ አልነበረም። ነጭ ጠጉር ያላት ድመት የጆሮዋ ጫፍ ጠጉሩ ሳሳ ያለና ቆዳው ቀለም የሌለው ስለሆነ የፀሐይ ጨረር ካንሰር ያመጣባታል። ጨረሩ በየአንድ ሺህ ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል እየጨመረ ይሄዳል፤ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ነጭ ድመት ያላችሁ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 10 ሰዓት ጥላ ውስጥ አቆዩአት። የሰው የፀሐይ ቅባት አትቀቧት፤ በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ዚንክና ሳሊሲሌት ስትልሰው ይመርዛታል። ከወር በላይ ያልዳነ የጆሮ ጫፍ ቁስል በጊዜ ከተደረሰበት ጆሮው ተቆርጦ ትድናለች፤ ያለ ጆሮ ጫፍ ደህና አድርጋ ትሰማለች፣ መልኳ ብቻ እንደ ጉጉት ይሆናል።

የነጭ ድመት ሌላው ዕጣ አለመስማት ነው። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው የዝርያዎች አመጣጥ መጽሐፉ ላይ ሰማያዊ ዓይን ያላቸው ድመቶች እንደማይሰሙ ጽፏል፤ ኋላ አለዝቦታል። ዛሬ የሚታወቀው ሁለቱም ዓይኖቿ ሰማያዊ ከሆኑ ነጭ ድመቶች ከ65 እስከ 85 በመቶ የሚሆኑት እንደማይሰሙ ነው፤ ዓይናቸው ሌላ ቀለም ከሆነ ግን ከ20 በመቶ ብዙ አይርቅም። መድኃኒት የለውም፣ ሕመምም የለውም። ስትጠሯት የማትመጣው ነጭ ድመት ንቃችሁ ላይሆን ይችላል። እንዲህ ያለችዋን መኪና ወዳለበት መንገድ አትልቀቋት።

በውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ ሁለት ነገር። በእስራኤል ወይም በአሜሪካ መንገድ ላይ የአንድ ጆሮዋ ጫፍ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ድመት ካያችሁ ማንም አልበደላትም። ተይዛ፣ እንዳትወልድ ተደርጋ የተመለሰች መሆኗን ከሩቅ ለማሳወቅ፣ ደንዝዛ ሳለች የተደረገ ምልክት ነው። ሁለተኛው፣ በማኅበራዊ ሚዲያ የምትታየው ጆሮዋ ወደ ፊት የታጠፈ ድመት ናት። የሁሉም አያት ሱዚ የምትባል በ1961 (እ.ኤ.አ.) ስኮትላንድ ውስጥ በአንድ የእርሻ ቦታ የተገኘች ነጭ ድመት ነበረች። ጆሮውን ያጠፈው ጉድለት የሰውነቷን ቅርጭጭት ሁሉ ይነካል፤ ብዙዎቹ ገና በወጣትነታቸው መገጣጠሚያቸው ያማቸዋል። የእንግሊዝ የድመት ማኅበር ይህን ዝርያ መመዝገብ በ1971 (እ.ኤ.አ.) አቁሟል። ለማማር ብሎ የታመመ ጆሮ መግዛት ለእኔ ነውር ነው።

ሐኪም ማግኘትን በተመለከተ የእኛ አገር የእንስሳት ሕክምና የቆመው በከብቱ ላይ ነው፤ በአፍሪካ አንደኛ የሆነ የከብት ሀብት ይዞ ሌላ መሆንም አይችልም። በቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 ተከፍቶ ሐኪሞች ሲያፈራ ቆይቷል፤ ጎንደርና ሌሎችም ተከትለዋል። በአዲስ አበባ ለውሻና ለድመት የሚሆኑ ክሊኒኮች አሉ፤ በክልል ከተማ ያለው ሐኪም ድመት ሲያመጡለት ፈገግ ሊል ይችላል፤ ቢሆንም ማይክሮስኮፕ ካለው ቅንቅኑን ያሳያችኋል። ሊያድሩ የማይገባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ አንገት መዝመም፣ መውደቅ፣ ዓይን ወዲያ ወዲህ መቅበዝበዝ፣ የብሌን መጠን መለያየት፣ መግል፣ ስትነካ መጮህ። ጠባይዋ በድንገት የተለወጠ የማትታወቅ ድመት ጆሮ ግን አትግለጡ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል። ከነከሰቻችሁ ቁስሉን 15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ታጥባችሁ የዚያኑ ዕለት ጤና ተቋም ሂዱ።

ውሮ አሁን ስድስት ዓመቷ ነው። እሑድ እሑድ ጆሮዋን ገልጬ አይቼ አሸታለሁ፤ ለሌላ ነገር እጄን አላነሳም። እናንተም መሳቢያችሁን ክፈቱ፤ ካለፈው የተረፈ የጆሮ ጠብታ ካለ ዛሬውኑ ጣሉት።